የከርከሮው ዘመቻ

ከርከሮ ስላባረርኩ ታሰርኩ። ሰው አልገደልኩም፣ ቤት አላቃጠልኩም፣ የማንንም ከብት አልነዳሁም። በቆሎ የሚያወድም ከርከሮ ከጥሻ አስወጥቼ አባረርኩ፤ ለዚህ ከሰፈሬ ወስደው ፍኖተ ሰላም አሰሩኝ፣ የዚያ ዓመት እህሌም ያለ እኔ ታጨደ። ክሱ ላይ ከርከሮ የሚል ቃል የለም። «ፀረ ሰላም ኃይል ማሰልጠን» ነው የሚለው። ይኸን ገና ከመነሻው የምናገረው ወሬው ሲረዝም ዋናው ነገር እንዳይጠፋ ነው።

የያዙኝ በጥቅምት መጨረሻ፣ ጠዋት፣ በሬዎቼን ውኃ ላጠጣ ስወርድ ነው። ከያዙኝ ታጣቂዎች አንዱ የሰፈራችን ሰው ነው፤ በሠርጌ ላይ ጨፍሯል። መሬት መሬቱን እያየ ለጥያቄ ነው፣ አሁኑኑ ትመለሳለህ አለኝ። በሬዎቹን ቤት ላድርስ ብል አልፈቀዱም። በሬዎቹ ግን መንገዱን ያውቁታልና ጠጥተው ሲጨርሱ ራሳቸው ተመለሱ። ሚስቴ መያዜን ያወቀችው በሬዎቹ ያለ እኔ ሲገቡ አይታ ነው።

ቡሬ አሳድረው በማግሥቱ በጭነት መኪና ላኩኝ። መኪናው በርበሬ የጫነ ነበር፤ ከጆንያው ላይ አስቀመጡኝ። የቡሬ በርበሬ ለአፍም ለዓይንም አንድ ነው። ፍኖተ ሰላም ስደርስ ዓይኔ ይፈስ ነበር፤ ያየኝ ሁሉ የማለቅስ መሰለው። አላለቀስኩም። በርበሬው ነው።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ነው። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በምስማር ቀዳዳ ነው። ቀን ቀን የብርሃን ነጠብጣብ ወለሉ ላይ ይበተናል፤ ፀሐይ ስትዞር ነጠብጣቡም በሰው እግር፣ በሰው ፊት ላይ እየሄደ ይዞራል። ሰዓት የምናውቀው በዚያ ነበር። የማዳበሪያው ሽታ ከወለሉ አልለቀቀም፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ደረት ያፍናል። ከውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል። ሰው ስለበዛ የምንተኛው በጎናችን ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል።

ከጎኔ የደረሱኝ አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ መሪጌታ እንበላቸው። የታሰሩት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ስለ መሬት ድልድሉ ተናግረው ነው። ዕጣው ሁልጊዜ የአንድ ወገን ሰዎችን ብቻ እየመረጠ የሚወጣ ከሆነ ዕጣ ልንለው አይገባም ብለዋል። ይኸው ነው ወንጀላቸው። አንተስ በምን መጣህ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ሰሙኝና ወደ ሌሎቹ ዞሩ።

«እንግዲህ ሰብሰብ በሉ» አሉ፤ «የከርከሮው ጄኔራል መጥቶላችኋል።»

ስሙ እስክፈታ አልለቀቀኝም። ጄኔራል ይቅርና አስር አለቃም ሁኜ አላውቅም።

ወታደር ግን ነበርኩ፤ የደርግ ወታደር። ወድጄ አይደለም፤ ከቡሬ ገበያ ታፍሼ ነው የሄድኩት፣ የገዛሁትን ጨው እንደያዝኩ። ስሄድ ሀን ከለ አልለይም። ጢም አውጥቼ ነው ፊደል የቆጠርኩት፣ በማሰልጠኛው፣ ከቀኑ ልምምድ በኋላ። ፊደሉን እንደያዝኩ የሚነበብ ነገር ፈለግሁ። እዚያ የነበረው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታክቲክ መመሪያ። በስቴንስል የተባዛ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው። የቄስ ተማሪ ዳዊት እንደሚደግም እኔ ማጥቃት፣ መከላከልና ማፈግፈግ ደገምኩ። በጎልማሳ ዕድሜ የገባ ነገር እንዳልነበረ ሁኖ አይወጣም። ዛሬም ደብዳቤ ስጽፍ እንደ ትእዛዝ ነው የሚወጣልኝ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

መሪጌታ ይኸን ሲሰሙ ደስ አላቸው። በቃልህ በልልኝ አሉኝ። ጀርባዬን ለቆርቆሮው ሰጥቼ አልኩላቸው። መጀመሪያ መሬቱን እይ። ጠላት የት ነው፣ በየት ይገባል፣ በየት ይወጣል። ቀጥሎ ያንተን ሰው እወቅ። ያለህን ኃይል ሁሉ ባንድ ጊዜ አታውጣ፣ ተጠባባቂ ያዝ። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይሸፍነው። ፊት ለፊት ብቻ አትግፋ፣ ጎኑን ፈልግ። ያለ ትእዛዝ ከቦታህ አትነቃነቅ። እንዲህ እያለ ይወርዳል።

«ዜማ ነው የጎደለው» አሉ መሪጌታ። «ታዲያ ይኸን ሁሉ ይዛችሁ ነው የተሸነፋችሁ?»

«መመሪያው ውስጥ መሸነፍ የሚል ምዕራፍ የለም» አልኳቸው። «ማፈግፈግ ነው የሚለው።»

ቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከሰሜን እስከ ጎጃም በባዶ እግሬ ያፈገፈግሁ ሰው ነኝ።

አሁን የከርከሮውን ነገር ልንገር፤ ያለሱ የቀረው አይገባም።

የኛ ቀበሌ በቡሬና በሽንዲ መካከል ነው። ከማሳችን በታች ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ዳር ጥሻ። በቆሎው ማሸት ሲጀምር ከርከሮ ከጥሻው ይወጣል። ከርከሮ በልቶ ቢሄድ ማንም አይናገረውም ነበር፤ እሱ ግን አንዷን እሸት ለመብላት ሙሉ ትልም ይሰብራል። ማማ ላይ ወጥተህ ብትጠብቅ፣ ወንጭፍ ብታጮህ፣ በዚህ ስታባርረው በዚያ ይገባል። ስለዚህ በየዓመቱ ሰው ሁሉ ይወጣና ከጥሻው ያስወጣዋል። የተገደለውን የሚነካው የለም፣ ለጅብ ነው የሚተወው፤ ጦሩን የተጠቀመበትም በወንዝ አጥቦ ነው ቤቱ የሚገባው።

ለዚህ ሥራ ጠሪ አለ። ጠሪው ማሳው ከጥሻው ጋር የሚዋሰነው ሰው ነው። ጥሩምባ ያስነፋል፣ ጠላ ያስጠምቃል፣ ንፍሮ ያስቀቅላል። ሌላ ሰው አይጠራም። ይኸ የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ግን ከኛ ሰፈር የማያውቀው የለም።

በኛ ሰፈር ጠሪው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከሳቸው በፊት አባታቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔ አያ ነበር የምላቸው። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ፤ ሳይፈልጉ የተመረጡ ሊቀመንበር። አዲሱ መንግሥት መሬት ሲያደላድል በደርግ ሹመት ስለነበራቸው «ቢሮክራት» ተባሉ። ቢሮክራት የተባለ መሬቱ ተቆርሶ ለሌላ ይሰጣል። የአያ መሬት ሲቆረስ ከጥሻው ጋር የሚዋሰነው ማሳ ለአዲሱ የቀበሌ ሊቀመንበር ደረሰ። እንዴት እንደደረሰው አልናገርም። ዕጣ ነው ተብሏል።

ያን ዓመት ከርከሮው በዛ። አዲሱ ባለማሳ ግን አልጠራም። ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ሰው ጥሩምባ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የለም፤ በቆሎው ግን እየወደቀ ነው። በመጨረሻ አያ እንደ ልማዳቸው ጥሩምባ አስነፉ። ማሳው ከእጃቸው መውጣቱን ረስተው አይደለም። የቀረቻቸው ቁራሽ ከጎኑ ነበረች፣ እሷም እየተበላች ነበር። ሰው ሁሉ ወጣ።

ስንሰበሰብ አያ ወደኔ ዞሩና በየዓመቱ ከላይ ብቻ እየጮህን እንወርዳለን፣ እሱ በጎን ያመልጠናል፣ አንተ ወታደር ነበርክና ዘንድሮ ቦታ ቦታችንን አንተ አስይዘን አሉ። እሽ አልኩ። መሬቱን ቀድሜ ዙሬ አይቼዋለሁ። ዱካውን ተከትዬ መውጫውን አውቄዋለሁ። ሰዉን ከፈልኩ። ጎልማሶች ከላይ እየጮሁ እንዲወርዱ፣ በቀኝና በግራ ክንፍ ዝም ብለው የሚጠብቁ፣ ሸለቆው በሚጠብበት አንገት ላይ ጦር የያዙ። ውሾቹን በተጠባባቂነት ያዝኩ። አፌ የሚያውቀው የወታደር ቃል ስለሆነ የተናገርኩትም በሱ ነው። ጠላት ከዚህ ይወጣል፣ ደፈጣው እዚህ ነው፣ ያለ ትእዛዝ ማንም እንዳይነቃነቅ አልኩ። ከርከሮን «ጠላት» ያለ ገበሬ ከኔ በፊት አልነበረም። ሰዉ ግን ተመችቶት ቃሉን እየተቀባበለ ይስቅ ነበር። ያን ዕለት ከጥሻው የወጣውን ያህል ከርከሮ በሰፈሩ ታይቶ አይታወቅም።

ሊቀመንበሩ ከስብሰባው ሲመለስ የጠበቀው ወሬ ይኸ ነው። በሱ ማሳ ላይ፣ በቢሮክራት ጥሪ፣ በደርግ ወታደር አዛዥነት፣ ጦር የያዘ ሰው ተሰልፎ «ጠላት» ሲል ውሏል። ፈርቶ ይሁን ተናዶ ወረዳ የሄደው አላውቅም። ሁለቱም ይመስለኛል።

መርማሪው የበረሃ ታጋይ የነበረ ሰው ነው። አልመታኝም። ሌሎች ተመትተዋል፤ እኔን አልመታኝም፣ ያልሆነ አልጽፍም። ቀስ ብሎ ነው የሚናገር። የጥሻውን ነገር ከመነሻው አስነገረኝ፣ ደግሞ አስነገረኝ። አንድ ቀን ብዕሩን አስቀመጠና የምታወራው ከመመሪያ ነው አለኝ። እነሱም ያንኑ ጽሑፍ ከኛ ማርከው በረሃ አንብበውታል ለካ። ምዕራፎቹን በተራ ያውቃቸዋል።

«እናንተን ያሸነፍናችሁ በዚሁ ነው» አለ። «አንብበነው ስለነበረ።»

«ከርከሮ ግን አላነበበውም» አልኩት።

ብዕሩን አነሳ። ከዚያ ወደሚፈልገው ገባ። አንድ ኃይል ያለ አዛዥ፣ አዛዥም ያለ የበላይ አይንቀሳቀስም፤ ይኸን መመሪያህም ይለዋል አለኝ። አንተ ቦታ አስያዥ ነህ፤ የጠራህ ሰው አለ። ሊቀመንበሩ የጠሩት ሽማግሌው ናቸው ብሎ ቃሉን ሰጥቷል፤ እሱ ግን የመሬት ጠብ እንዳለው ሰምቻለሁና ሁለተኛ ቃል እፈልጋለሁ። ያንተ ቃል ይበቃል። ሽማግሌው ጠሩን በል፤ አዝመራህ ሳይረግፍ ትደርሳለህ።

እዚህ ላይ ነበር ነገሩ ሁሉ። አያ ደረታቸው የታመመ ነው፤ ቆላ ሲወርዱ እንኳ ቁመው ያርፋሉ። ያ መጋዘን የሚሠራውን ሥራ እኔ በራሴ ጉሮሮ አውቀዋለሁ፤ እሳቸው ከዚያ ቤት በሕይወት አይወጡም። የቀረቻቸው ቁራሽ መሬትም ትወሰድ ነበር። በሌላ በኩል የኔ ጤፍ ቁሟል፣ ሚስቴ ብቻዋን ናት። ማንም አልጠራኝም አልኩ። በሌላው ቀን ጠየቀኝ፤ ያንኑ አልኩ።

በኅዳር አንድ ጠዋት ከመጋዘኑ አወጡኝና መርተህ ታሳያለህ አሉኝ። ተጠርጣሪውን ወደ ቦታው ወስዶ የሆነውን ሁሉ እዚያው ላይ ማስገለጥ የፖሊስ ደንብ ነው። መሪጌታ ስወጣ ልብሴን ይዘው፣

«ጄኔራል፣ ከርከሮውን ካገኘኸው ዋስ ሁነኝ በለው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አፍህን ግን ራስህ ጠብቀው።»

ሰፈራችን ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን፤ በሊቀመንበሩ ትእዛዝ የወጣ ነው። ሰላም የሚለኝ የለም፤ ሴቶቹ ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሚስቴ ከነሱ መካከል ነበረች። ከጤፍ ማሳ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ስታየኝ ማጭዱን ወደ ጀርባዋ ደበቀችው። ብቻዋን እንደምታጭድ እንዳላውቅ ነው። አያ ደግሞ ከጥሻው አፋፍ ላይ፣ ድንጋይ ተደግፈው፣ እንደ ሌላው ሰው ተጠርተው ቁመዋል።

መርማሪው ታጣቂዎቹን ያን ዕለት ሰዎቹ በቆሙበት እንድታቆምልኝ እፈልጋለሁ አለኝ። እጄ ታስሯል፤ በአገጬ ነው የማሳየው። አንተ ከላይ፣ እናንተ በቀኝ፣ እናንተ በግራ፣ አንተ ከአንገቱ ላይ። እየወረዱ ቆሙ። በሠርጌ የጨፈረው ታጣቂ የሰፈሩ ሰው ስለሆነ ሳልነግረው ባለፈው የቆመበት ቦታ ሂዶ ቆመ፤ ለካ እሱም ያን ዕለት ከኛ ጋር ከርከሮ ሲያባርር ውሏል። ሰው ሁሉ አየው። መርማሪው አላስተዋለም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ሁሉም ከቆሙ በኋላ መርማሪው ዙሮ ዙሮ ተመለከተና በታችኛው ጎን የተተወውን ክፍት ቦታ አሳየኝ። ይኸን ለምን አልዘጋህም አለኝ። መውጫ ያጣ ከርከሮ ውሻም ሰውም ይቀድዳል፤ ያቺን ያህል ለወንዙ ተውኩለት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሥራ ሲያይ የሚነቀንቀው ዓይነት ነው። እዚያች ላይ ብቻ፣ ለአንድ አፍታ፣ አሳሪና እስረኛ አልነበርንም። ወዲያው ተመለስን።

«አዛዡ የት ቆመ?»

«እኔ እዚህ።»

«ጠሪውስ?»

አገጬን ወደማንም አላነሳሁም። ሊቀመንበሩ ግን ከሰዉ ወጥቶ ቀረበ። ወፈር ያለ፣ አዲስ ኮት የለበሰ ሰው ነበር። እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ እኒህ ናቸው የጠሩት ብሎ አያን አሳየ። አያ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሊናገሩ ነው። አውቃቸዋለሁ፤ ውሸት አይችሉበትም፣ አዎ ሊሉ ነው። አፋቸውን ከፈቱና ሳል ቀደማቸው። ያቺ ሳል አተረፈችኝ።

«አያ፣ አንቱ ቁጭ ይበሉ፤ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ። መመሪያው እንደሚያስተምር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ተቀመጡ።

ከዚያ ለመርማሪው ልማዱን ነገርኩት። ያልኩት ከላይ የጻፍኩትን ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ለከርከሮ የሚጠራው ማሳው ከጥሻው ጋር የሚዋሰነው ሰው ነው። ከጥንት እንዲህ ነው፤ የፈለግኸውን ሰው ጠይቅ አልኩት። አንዲት አሮጊት ሳትጠየቅ እውነቱን ነው አለች። ከኋላ ያለውም ሰው እውነት ነው፣ እንዲያ ነው እያለ ተቀበለ።

መርማሪው የቆምንበትን ማሳ አየ። የተሰበረው አገዳ ገና አልተነሳም ነበር።

«ይኸ ማሳ የማነው?» አለ።

መልስ አላስፈለገም፤ ሰው ሁሉ ወደ ሊቀመንበሩ ዙሮ ቆመ። ሊቀመንበሩ ኮቱን ቆለፈ። ከዚያ ፈታው። የኔ አይደለም ቢል፣ አያ እዚያው ተቀምጠዋል፣ አገሩ ሁሉ ምስክር ሁኖ ቁሟል፤ ማሳው በዚያችው ሰዓት ወደ ባለቤቱ ሊመለስ ነው። የኔ ነው ቢል ጠሪው እሱ ነው።

«የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «በድልድል የደረሰኝ ነው። ግን አልጠራሁም።»

«ከጥሻው ጋር ይዋሰናል?»

«ይዋሰናል።»

«እንግዲያ ልማዱን ታውቃለህ።»

ሊቀመንበሩ ላብ ያዘው። ከሰዉ መካከል ሳል የመሰለ ሳቅ ተሰማ። እኔ ግን የሳቅሁ አይምሰላችሁ። ያ ሰው ከሰፈሬ አስወስዶኛል፤ በሬዎቼ ብቻቸውን ገብተዋል፤ ሚስቴ ማጭድ ትደብቃለች። ሲያልበው ሳይ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱን አልክድም።

መርማሪው ክንዴን ይዞ ወደ ማማው ሥር ወሰደኝ። ከሰው ራቅን። በል አለኝ፣ ሊቀመንበሩ ጠራን በል። አንድ ቃል ናት። ሽማግሌው ከነገሩ ይወጣሉ፣ አንተም ዛሬ ከቤትህ ታድራለህ፤ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ለሱ አያም ሊቀመንበሩም አንድ ነበሩ። የሚፈልገው ስም ነው፤ ይዞት የሚመለስ ስም። ባዶውን መመለስ አይችልም፤ እሱም የበላይ አለው።

ሚስቴን አየሁ። ከሴቶቹ ተለይታ ወደኛ አንድ ሁለት እርምጃ መጥታለች። የሚባለውን አትሰማም፤ ግን የሆነ ነገር እንዳለ ገብቷታል። ማጭዱን ረስታ ወደፊት አምጥታዋለች።

«አልጠራኝም» አልኩ።

«ታዲያ ማን ጠራህ? ያለ ጠሪ ይኸ ሁሉ ሰው ይወጣል?»

«ከርከሮው ነው የጠራን። በቆሎ ሲሰበር ሰማን፣ ወጣን። ቦታ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከኔ በላይም ከኔ በታችም ሰው የለም። ይኸን ጻፈው።»

ብዕሩን አላወጣም። ያ ሰው እኮ ነው ያሳሰረህ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ሞኝ ነህ አለኝ። ልክ ነህ ብዬ ልቀበለው ዳድቶኝ ነበር። ታጣቂዎቹን ጠርቶ መኪናው ላይ አስወጣኝ። ሊቀመንበሩም አያም ከቆሙበት ቀሩ። ከመኪናው ላይ ሁኜ ሚስቴን እህሉን ሳይረግፍ አስገቢው፣ ደቦ ጥሪ አልኳት። እሽ አለች። ሌላ አልተባባልንም። መኪናው ሲነሳ ግን አንድ ሰው ማጭድ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሲሮጥ አየሁ፤ ሌላም ተከተለው። ጤፌ ያለ እኔ ታጨደ፣ ብቻዋን ግን አላጨደችም።

መጋዘኑ ስመለስ የምስማሩ ብርሃን ከወለሉ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ደርሷል፤ ሊመሽ ነው። መሪጌታ ቦታዬን በክንዳቸው ከልለው ጠበቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሊቀመንበሩን ማዳኔን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። 

«ስሙን ብትጠራው ኖሮ እኮ» አሉ፣ «ዛሬ እዚህ ነበር የሚያድረው።»

«ለእስረኛ ያለው ቤት ይኸ ብቻ ነው» አልኳቸው። «በኔና በርስዎ መካከል ይገባ ነበር። ስገላበጥ ከሱ ጋር ልገላበጥ ነው? እምቢ አልኩ።»

እንዲያ ሲስቁ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋቸውም። ሌሎቹም ሳቁ። በሩ ተመታ፣ ዝም በሉ ተባልን። ጎን ለጎን ተኛን።

ለመሪጌታ ያልኩት ቀልድ ነው። እውነቱን ግን አሁንም በደንብ አላውቀውም። ጻድቅ ሆኜ አይደለም፤ ያን ሰው ዛሬም አልወደውም። ይቅር ብዬውም አይደለም። አልጠራም ነበር፤ ይኸው ነው። ያልጠራን ሰው ጠራ ብል፣ ያላሰለጠነን ሰው አሰለጠነ ካለው ሰውዬ በምን እሻላለሁ? በዚያ ቤት ውስጥ ልብሴንም፣ ሰዓቴንም፣ እህሌንም ወስደውብኛል። የቀረኝ በእሱና በኔ መካከል ያለው ልዩነት ነበር። እሱን ልስጥ?

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ይኸን የምጽፍ። ሊቀመንበሩ በሌላ ግምገማ ወረደ፤ ማሳው ከሱም ወጥቶ ለሌላ ተሰጠ። አሁን እሱም አርጅቷል፣ እኔም። አንድ ሰንበቴ ነን። ጽዋውን በሁለት እጁ ያቀብለኛል፤ ልማዱ ይሁን ሌላ አልጠየቅሁትም። በማማው ሥር የተባለውን ሰምቶ እንደሆነም አላውቅም። እንደምን ሰነበትክ ይለኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን እለዋለሁ። ይበቃል። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም፤ ከሱም ከመንግሥትም። አልጠበቅሁም ብል ግን ውሸት ነው። ጠብቄያለሁ። አንዳንድ ቀን ዛሬም ሰው በሩን ሲያንኳኳ እሱ ይሆን እላለሁ።

አያ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ኖሩ። በቀረቻቸው ቁራሽ ላይ በቆሎ ዘሩ፣ ሸተ፣ በሉ። በገዛ መደባቸው ላይ፣ ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ይዘው፣ ንስሐ አባታቸው ራስጌያቸው ቁመው ነው ያረፉት። ከዚያ ሁሉ መከራ በእጄ የገባው ይኸ ነው፤ ሳስበው ጥቂት አይደለም።

እኔን በፋሲካ ሰሞን በዋስ ለቀቁኝ። ከዚያ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮ ቀጠሮ። ፍኖተ ሰላም ስመላለስ ጫማ ጨረስኩ። በመጨረሻ አንድ ዳኛ፣ ወጣት ናቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ማስረጃ ስላልቀረበ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ሂድ አሉኝ። ከርከሮ የሚለውን ቃል ያን ዕለትም ማንም አላነሳውም። ከችሎቱ ስወጣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማ ነበር። ሰኔ ፲፪ ቀን ነው፣ የሚካኤል ዕለት።